ሲቆም እኔ አለሁ

የሞተር ካንዴላ በእጄ ይዤ ሳላሸተው ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። አዲስ ካንዴላ እንደማይሸት አጥቼው አይደለም። እኔን የሚሸተኝ ልጅ እያለሁ ከአባቴ የደረት ኪስ ይወጣ የነበረው፣ በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለው፣ ቤንዚንና ላብ የጠገበው አሮጌው ነው። ደብረ ታቦር ላይ የባጃጅና የሞተር መለዋወጫ መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ሱቄ በር ላይ ሞተሩ እምቢ ያለው ጎረምሳ አዲስ ካንዴላ ሲጠይቀኝ «እስቲ መጀመሪያ አሮጌውን አውጥተህ ጥረገው» እለዋለሁ። ጠርጎት ይነሳለታል፣ አመስግኖኝ ይሄዳል፣ እኔም ሳልሸጥ እቀራለሁ። እንዲህ ያለችው ነጋዴ እስካሁን አለመክሰሯ የሚገርማቸው አሉ። ልጁ ጎማ ሲያረጅበት ማን ጋ እንደሚመጣ ግን አያውቁም።

አባቴ በደርግ ጊዜ ከብት ይከትብ ነበር። ገበሬው «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፤ በሬዎቹ ግን አንድም ቀን የምስክር ወረቀት አምጣ ብለውት አያውቁም። መሥሪያ ቤቱ ቀይ ዶቅዶቄ ሰጥቶት ነበር፤ ጎማው ጥርሳም፣ ወገቡ ከፍ ያለ፣ በግ ያለፈበት ቀጭን መንገድ ሁሉ የሚበቃው። ዳገቱን ሲወጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ እማየም ያንን ሰምታ ነበር ሽሮ የምትጥደው።

መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። እራቱን ግማሹን ቆሞ ይበላል። በዝናብ ቀን ቤት ከዋለ በር ላይ ይወጣል፣ ሰማዩን ያያል፣ ይገባል፣ መልሶ ይወጣል። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ስቁነጠነጥ ነበር የምውለው። እማየ ሁለታችንን እያየች «እናንተ መቀመጫችሁ ላይ ጉንዳን አለ» ትል ነበር።

ረዳቱን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱበት ሳጥን የሚይዝለት ሰው አጣ። ክትባቱ በረዶ ውስጥ ካልሆነ ይበላሻል። በረዶው በመሥሪያ ቤቱ የላምባ ፍሪጅ ተሠርቶ፣ ሳይቀልጥ የጉና ተዳፋት ላይ ካሉት ከብቶች መድረስ አለበት። ሳጥኑ በገመድ ከታሰረ በየድንጋዩ እየተላጋ ብልቃጦቹ ይሰበራሉ። አባቴ አስቦ አስቦ «ጭን ነው የሚፈልገው» አለ። እንዲህ ሆኖ የእኔ ጭን በየቅዳሜው የመንግሥት ሥራ ጀመረ።

ጭኔ በበረዶው ይደነዝዛል፣ ደረቴ በእሱ ጀርባ ይሞቃል። ካፖርቱ ቤንዚን፣ የከብት ጠረንና መድኃኒት ይሸታል። በስተግራ የገብስ ማሳ፣ በስተቀኝ የድንች እርሻ፣ ከፍ ስንል ረጅሙ የጅብራ ተክል በነፋስ እየተወዛወዘ ወደ ኋላችን ይሮጣል። «አባየ፣ ጨምር!» እላለሁ፤ እሱም መከልከል አይችልበትም፣ ይጨምራል። ሥራው አልቆ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ሜዳ ፈልጎ ከፊት ያስቀምጠኛል። በግራ እጄ ፍሪሲዮን፣ በቀኝ እጄ ጋዝ፣ በግራ እግሬ ማርሽ። አንዱ ብቻ አስጨነቀኝ፤ እግሬ መሬት አይደርስም።

«አባየ፣ መሬት አልነካም እኮ!»

«ሲሄድ መሬት አያስፈልግሽም» አለኝ። «ሲቆም እኔ አለሁ።»

እውነትም በቆምን ቁጥር ሁለት ረጃጅም እግሮች ከኋላዬ ወርደው መሬቱን ይይዙልኛል።

አንድ ነገር ብቻ ያበሳጨኝ ነበር። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ላይ ሲደርስ ዶቅዶቄውን ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ ኮፍያውን አውልቆ ይሳለማል፣ ከዚያ አጥሩ እስኪያልፍ በእጁ ይገፋል። አያቴ ባለ በቅሎ ነበሩ፤ እሳቸው ወርደው፣ ተሳልመው፣ በቅሎዋን በልጓም እየሳቡ ነበር የሚያልፉት። ለአባቴ ዶቅዶቄው ላስቲክ የተጫማ በቅሎ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ያልተሠራበት ጉብታ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስንጋልብ፣ ስንወርድ፣ ስንገፋ፣ መልሶ ለማስነሳት ሲረግጥ፣ ሲረግጥ... እኔ ልፈነዳ እደርሳለሁ።

ነገሩ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጆሮ ደረሰ። አስጠርተው «ጓድ፣ የተሰጠህ ዶቅዶቄ ነው ወይስ በቅሎ?» አሉት።

«የሚቀመጡበት ከሆነ ያው ነው ጓድ።»

ይህን በፈገግታ አለፉት። ስለ እኔ ሲሆን ግን ፈገግታ አልነበረም። «የመንግሥት ንብረት የልጅ ማጫወቻ አይደለም። ሁለተኛ ያቺን ልጅ እዚያ ላይ ባያት፣ ዶቅዶቄውን አስረክበህ ዕቃ ግምጃ ቤት ትቀመጣለህ።» ሌላ ሰው ቢሆን ዕድገት ይመስለው ነበር። አባቴ ግን ማታ ለእማየ ሲነግራት «ትቀመጣለህ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ በር ላይ ወጥቶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ እኔ ቅዳሜን ቤት፣ ሳጥኑ ቅዳሜን ፍሪጁ አጠገብ ዋልን።

ብዙም ሳይቆይ ጉና ላይ አባ ሰንጋ ገባ። በሬዎች ማታ ደህና ገብተው ጠዋት ሞተው ይገኛሉ አሉ። የገበሬ ማኅበሩ በሚመጣው ቅዳሜ ከብቱን ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ሰብስቦ እንደሚጠብቅ ላከበት፤ ከቀትር በኋላ ግን ገበሬው በሽታው እንዳይጋባ ፈርቶ ከብቱን ይዞ ይበተናል። ሳጥን የሚይዝ ሰው አልተገኘም። አባቴ ግቢውን ሲዞር፣ ሲዞር እማየ ተነሳች፤ ለትምህርት ራቅ ብሎ የሄደውን የወንድሜን ሱሪ አለበሰችኝ፣ ጋቢ እስከ ዓይኔ ጠቀለለችብኝና ከኋላው አስቀመጠችኝ። «ማን ናት ካሉህ ጆንያ ነው በል» አለችው።

ጆንያው ከሳጥኑ ጋር እስከ ላይኛው ኪዳነ ምሕረት በሰላም ደረሰ። እዚያ አባቴ እንደ ልማዱ አጠፋው።

«አባየ፣ ዛሬ ብቻ! በረዶው እየቀለጠ ነው እኮ!»

«ታዲያ ቶሎ ግፊ» አለኝ ኮፍያውን እያወለቀ።

ገፋን። አጥሩን አልፈን ሲረግጠው እምቢ አለ። ካንዴላውን አወጣ፣ ጠረገ፣ ከደረት ኪሱ ሌላ ቀየረ፣ ረገጠ። እምቢ። እኔ ሳጥኑን ታቅፌ በአንድ እግሬ፣ በሌላው እግሬ እዘላለሁ፤ ከሥሩ የቀለጠው ውሃ ሱሪዬ ላይ ይንጠባጠባል። ባለ በሌለ ኃይሉ ሲረግጠው መርገጫው ወደ ኋላ ተወንጭፎ ቁርጭምጭሚቱን መታው። ድምፁን እኔም ሰማሁት። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፤ አባቴ ሳይገደድ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው ልል ነበር፣ ግን ያኔም ተገዶ ነው።

ቅዳሴ አልቆ ሰው ይወጣ ነበርና ከበቡን።

«ምን ነካህ ዶክተር?» አሉ ቄሱ።

«ዶቅዶቄው ረገጠኝ አባ።»

«በቅሎም ትራገጣለች» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ «እሷ ግን ረግጣም ትሄዳለች።»

አባቴ ለመነሳት ሞክሮ መልሶ ተቀመጠ። ከፊታችን ያለው ልቅ ድንጋይ የሞላበት ቁልቁለት ነው፤ የኋላው ፍሬን የሚያዘው በዚያችው በተመታችው እግር ነው። ወደ ፀሐይዋ አየ፣ ወደ ሳጥኑ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ። «ከፊት ውጪ» አለኝ። «እናንተ ደግሞ ግፉን፤ ስትገፉን ይነሳል።»

አንዲት አሮጊት «ኧረ በእመቤቴ! ይቺን እንቡጥ ልትገድላት ነው?» ብለው ጮኹ።

«እናቴ» አላቸው አባቴ፣ «ከዚያ ማዶ ሜዳው ላይ አንቱም ላም ይኖርዎታል።»

አሮጊቷ ላም ነበራቸው። ነጠላቸውን አደግድገው ቀድመው የገፉንም እሳቸው ናቸው። ሳጥኑን በሁለታችን መሃል አጥብቆ ይዞ አባቴ ከኋላዬ ተቀመጠ።

«ሲቆምስ?» አልኩት፤ አንዲት እግሩ ተንጠልጥላ ነበርና።

«አንድ አለኝ። አንድ ይበቃል።»

ፍሪሲዮኑን ስለቅ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ጮኸ፣ ነጠቀን። ጋቢው ከላዬ በሮ ሄደ። ከኋላ ጩኸት፣ ዕልልታ፣ ስለ ጭሱ እርግማን ይሰማል። አባቴ ጆሮዬ ሥር «ቀስ! ግራ! ድንጋዩን አትይው፣ መንገዱን እይ!» ይላል። መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ያዝኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ በዕድሜዬ አንዴ ከመቁነጥነጥ ያረፍኩት ያን ጊዜ ነው።

ሜዳው ሲታየን ፀሐይዋ አናት አልፋ ነበር፤ ከብቱ ግን አልተበተነም። ምክንያቱን ስንቀርብ አየነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በጂፕ መጥተዋል። ሰውየው የተሰበሰበ ሰው ሲያዩ ንግግር ሳያደርጉ ማለፍ አይችሉም ነበር። በሬና ገበሬ አሰልፈው ስለ ምርት ዕድገት እየተናገሩ ነበር፤ ተነስቶ ለመሄድ የደፈረ የለም። ከብቱን ያቆየልን የእሳቸው ንግግር ነው። እኔ ጋቢ የሌለኝ፣ ሹሩባዬ የተበተነ፣ በወንድሜ ሱሪ፣ መሪ ይዤ በመሃላቸው ገባሁ።

አባቴ ግራ እግሩን አወረደ። ቆምን።

ጓድ ኃላፊው አዩን፣ ንግግራቸውን ግን አላቋረጡም። ሳጥኑ ሲከፈት ትንሽ በረዶ ብልቃጦቹ መሃል ቀርቶ ነበር። አባቴ እግሩን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ገበሬዎቹ ከብቱን አንድ በአንድ እያመጡለት እስኪመሽ ድረስ ከተበ። ሲያበቃ ኃላፊው መጥተው በቀስታ «ሰኞ ታስረክባለህ» አሉት።

«እሺ ጓድ። ዛሬ ግን ማን ያደርሰዋል?»

ኃላፊው ሾፌራቸውን አዩ። ሾፌሩ «እኔ ባለ አራት እግሩን ነው የተማርኩት» አለ። እዚያ ሜዳ ላይ ዶቅዶቄ መንዳት የሚችል ጤነኛ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጓድ ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እስከ ቢሮ ድረስ ብቻ» አሉ።

እንዲህ ተመለስን፤ እኔና አባቴ ከፊት፣ ጂፑ ከኋላ። የመጨረሻችን መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። እንደ ወትሮው ጨምር የሚል አልነበረም። ኪዳነ ምሕረት ጋ ስንደርስ አባቴ ሳያዘኝ እኔ ነኝ ጋዙን የቀነስኩት። አጠፋሁት። ግራ እግሩ ወርዳ መሬት ያዘችልኝ። ኮፍያውን አወለቀ፣ እኔ ገፋሁ፣ እሱ ኮርቻውን ተደግፎ በአንድ እግሩ እየነጠረ አለፈ። ከኋላችን የጂፑ ድምፅ ጠፋ። ኃላፊው «ምን ሆነ?» ሲሉ፣ ሾፌሩ «ግሏል ጓድ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ» አላቸው። ከዚያም ወርዶ ገፍቶ አስነሳን።

ሰኞ ዶቅዶቄው ሄደ። አባቴ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። እግሩ ዳነች፤ ዳናም ግን የምትሄድበት አጣች። ጡረታ እስኪወጣ አካፋና ዶማ ሲያወጣና ሲያስገባ ኖረ፤ ማታ ማታ እየወጣ ወደ ጉና የሚሄደውን መንገድ አይቶ ይመለሳል። እኔን ተቆጥቶኝ አያውቅም። በሰው ፊት ግን «እኔ ያስረከብኩት እሷ ከነዳችው በኋላ ነው» ይል ነበር፣ ልክ ልጁን በወግ እንደዳረ ሰው።

ዛሬ ያ ዳገት አስፋልት ነው። በረዶ ሳይቀልጥ የሚደረስበት፣ ሴት ልጅ ሞተር ስትነዳ ማንም ዞሮ የማያይበት ዘመን ነው፤ ጥሩ ነው፣ ለገበያዬም ጥሩ ነው። በቅርቡ በባጃጅ ስሄድ ኪዳነ ምሕረት ጋ «ትንሽ አጥፋልኝ» አልኩት ሾፌሩን።

«ማዘር፣ ባትሪው ሞቷል። ካጠፋሁት አይነሳም።»

«ባትሪ እኔ ጋ አለ፤ ነገ ና። አሁን አጥፋው፣ እገፋልሃለሁ።»

ልጁ አበደች ብሎ አጠፋው። ወርጄ ተሳለምኩ፣ ነጠላዬን አደግድጌ ገፋሁ። እግሬ መሬት ከደረሰ ስንት ዘመኑ፤ ማንም እንዲይዝልኝ አያስፈልገኝም። ግን ባጃጁ አጥሩን አልፎ ሲቆም፣ ከኋላዬ አንድ እግር የሚወርድ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።