እናቷ እያየች

አምና የሞተችውን ጥጃ የቀበሩበትን የጓሮ ጥግ ባየች ቁጥር ሐቢባ ያ ሳምንት ትዝ ይላታል። ያን ጊዜ ባሏ አብዱልወሃብ አዲስ የተወለደችውን ጥጃ ብርድ እንዳይመታት ብሎ ታቅፎ ወደ ቤት ሲሮጥ፣ ላሟ ቦራ ከግንቡ ጋር አጣብቃ ጎኑን ሰበረችው። ከዚያ በኋላ ወደ በረቱ ደፍሮ የገባ አልነበረም። የጥጃዋ እትብት አመረቀዘ፣ አበጠ፤ ሳምንት ሳትሞላ ሞተች። የእንስሳት ሐኪሙ በተወለደች ዕለት እትብቷ አዮዲን ቢነካ ኖሮ ትተርፍ እንደነበር ነገራቸው።

ሐቢባ ከወሎ መጥታ መቐለ ጎጆ የቀለሰች፣ ወተት ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ከብት አያያዝ ያስተማራት የለም፤ እያየች ነው የተማረችው። ቦራ ስታረግዝ ከአጥሩ ውጭ እየተቀመጠች አሰበችበት። ላሚቱ የከፋችው ሰው ስለቀረባት ሳይሆን ልጇ ከዓይኗ ስለተሰወረች ነው። ስለዚህ ላሚቱ በአንዱ ወገን፣ ሰው በሌላው እንዲሆን በረቱን በአግድም እንጨት ለሁለት አስከፈለችው። ከታችኛው እንጨት ሥር ጥጃ ያልፋል፣ ላም አታልፍም። ዘንድሮ አላህ ካለ አዮዲኑ በዕለቱ ይደርሳል።

አንድ ረፋድ ቦራ ሴት ጥጃ ወለደች። ሐቢባ አዮዲኑን ልታመጣ ወደ ቤት ገባ እንዳለች የላሚቱ ጩኸት ግቢውን አናወጠው። አዮዲኑን አፈፍ አድርጋ ሮጣ ወጣች። ጥጃዋ የለችም፤ በቦታዋ ነጭ ነጠላ ተከምሯል። ቦራ መሬቱን እየጫረች ነጠላውን በቀንዷ ትነካካለች።

ጎረቤቷ ገዛኢ፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል።

«አያ ገዛኢ! ምን አደረጉ?»

«ከሰው ዓይን ልከልላት ብዬ ነጠላዬን ጣል አድርጌባት ነዋ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ! መንገደኛው ሁሉ አጮልቆ ያያታል።»

«ከእናቷም ዓይን ከለሏት እኮ!»

«በቃ፣ ልግባና ላንሳው።»

«ይግቡና እንደ አብዱልወሃብ ጎንዎን በፋሻ ተጠቅልለው ይክረሙ!»

የቦራ ሰኮና የነጠላውን ጫፍ ረገጠ። ትንሽ ፈቀቅ ቢል ጥጃዋ ላይ ነበር። ሐቢባ ዘላ ልትገባ ቃጣት፤ ግን እግሯን ገታች። «ቢስሚላህ» አለችና ጭድ የምትስብበትን ቆልማማ በትር በእንጨቶቹ መሃል አስገብታ ነጠላውን ቀስ አድርጋ ጎተተች። ጨርቁ ተተረተረ፤ እርጥብ ፊት ብቅ አለ።

ቦራ አሸተተቻትና አፈገፈገች። የገዛኢ ጠረን ነበረባት።

«ከዳቻት!» አለ ገዛኢ በድንጋጤ።

«ይቆዩ፣ አይጩኹ።»

ሐቢባ ቦራ የምትልሰውን አሞሌ ጨው ፈርፍራ በእንጨቶቹ መሃል በጥጃዋ ጀርባ ላይ ነሰነሰች። ከዚያ ጠበቀች። ቦራ አንድ ጊዜ ላሰች፤ ምላሷን አጣጣመች፤ ደግማ ላሰች፤ ከዚያ አላቆመችም። ጥጃዋን ከአናቷ እስከ ጭራዋ ልሳ የራሷ ስታደርጋት ሐቢባ አልተንቀሳቀሰችም።

በኋላ ተንበርክካ የጥጃዋን የኋላ እግሮች በእንጨቱ ሥር ሳብ አደረገች። ግማሽ ገላዋ ወደ ሐቢባ አለፈ፤ ራሷ እናቷ ዘንድ ቀረ። ቦራ አንገቷን ቀና አድርጋ አፈጠጠች።

«ይቻት፣ ቦራዬ። አልወሰድኳትም። እያት።»

ላሚቱ ተነፈሰችና የልጇን ጆሮ ወደ መላስ ተመለሰች። በዚያው መሃል ሐቢባ እትብቱን አዮዲኑ ውስጥ ነከረች፤ ጨርሳም ጥጃዋን ወደ እናቷ መልሳ ገፋቻት።

ጥጃዋ እየተንገዳገደች ቆመች፤ ስትፈልግ ቆይታ ጡቱን አገኘች።

«እንገሩን መቼ ነው የምንቀምሰው?» አለ ገዛኢ።

«መጀመሪያ የእንገሩ ባለቤት ትጥገብ።»

«ነጠላዬስ?»

«የተረፈውን ቦራን ይጠይቋት።»

ለዙህር ሶላት እየታጠበች ውዱእ ስታደርግ የአዮዲኑ ቡናማ ቀለም ከጣቶቿ አልለቅ አላት። አልሐምዱሊላህ አለች፤ አጥብቃም አላሸችውም።