ሁለት ጀሪካን ውሃ በግብ መስመር ላይ

ሜዳ ሥራ በገባሁበት ቀን የተሰጠኝ ሁለት ካስማ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎና አንድ አሮጌ ባልዲ ነው። የሰጡኝ ጋሽ ቱፋ ይባላሉ። አዳማ ውስጥ በፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ክለብ ነበረን፤ እሳቸው የሜዳው ኃላፊ ነበሩ። የክለቡን ስም አልጽፍም። ፈርሷል፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ሰዎቹ ግን አልሞቱም።

"ከየት ነህ?" አሉኝ ጋሽ ቱፋ።

"ከዓለም ጤና።"

"የሽንኩርት መደብ አውጥተህ ታውቃለህ?"

"ከሱ በቀር ያወጣሁት ነገር የለም።"

"ቶሌ፣ ጥሩ ነው። ይሄም መደብ ነው። ልዩነቱ ምንም አይበቅልበትም።"

ሥራውን በአንድ ሳምንት አስተማሩኝ። ኖራ በጨርቅ ይነፋል፤ ካልተነፋ ይጓጉላል፣ የተጫዋች ዓይንም ያቃጥላል። ሲበጠበጥ ልኩ እርጎ እስኪመስል ነው። ሲባጎው ሲወጠር በጣት ይነካል፤ ካልጮኸ አልተወጠረም። መሬቱ ደረቅ መሆን አለበት። የግብ መስመር ስፋቱ ከግቡ ቋሚ ጋር እኩል ነው፤ አንድ ጣት አይጨምርም፣ አንድ ጣት አይቀንስም።

"ሌላው መስመር ቢጣመም ይሰድቡሃል" አሉኝ። "የግቡ መስመር ቢበላሽ ግን ይከሱሃል።"

ጋሽ ቱፋ ጡረታ ሲወጡ ሥራው ለኔ ቀረ። ማዕረጉ ግን አልተከተለኝም። እሳቸው "የሜዳ ኃላፊ" ነበሩ፤ እኔ "የጉልበት ሠራተኛ" ሆኜ ቀረሁ። ሜዳው ያው፣ ባልዲውም ያው። ምክንያቱ ማንበብ አለመቻሌ ነው። ኃላፊ የተባለ ሰው ቅጽ ይሞላል። እኔ ቅጽ ሲመጣብኝ የማቀርበው አውራ ጣቴን ነበር።

አንድ ጊዜ እናቴ ታመመችና የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ። ቢሮ ወረቀትና የጣት ቀለም አቀረቡልኝ፣ አተምኩ፣ ዓለም ጤና ሄድኩ። ስመለስ ያለ ፈቃድ ቀርተሃል የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጠበቀኝ። ያተምኩበት ወረቀት ሲነበብልኝ፣ የዚያን ዓመት ፈቃዴን በገዛ ፈቃዴ ለክለቡ የተውኩበት ሆኖ ተገኘ። "ወረቀት ተቀያይሮ ነው" አሉኝ። ይቀያየራል። ማንበብ በሚችል ሰው እጅ ግን ሲቀያየር አላየሁም።

በአርባ ሦስት ዓመቴ ቀበሌ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ከምሳ በኋላ፣ ፀሐዩ ሜዳ ላይ ሰው በማያስቆምበት ሰዓት እማር ነበር። አብረውኝ የሚቀመጡት ጋሪ ነጂዎችና ጉልት ነጋዴዎች ናቸው። መጻፉ አልከበደኝም፤ ፊደል መስመር ነው፣ መስመር ደግሞ እንጀራዬ። ማንበቡ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ለክለቡ አልነገርኩም። ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። የጉልበት ሠራተኛን ምን ተማርክ የሚል አለቃ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለመጣው የውድድር ዘመን ነው። በዚያ ዓመት ሦስት አሰልጣኝ ቀያየርን። አንደኛው አጥቂ የለኝም ብሎ ሄደ። ሁለተኛው ተከላካይ የለኝም ብሎ ሄደ። ሦስተኛው ሁለቱም አልነበሩትም፤ መሄጃም ስላልነበረው ቆየ። ያልተቀየሩት ቡድን መሪው አቶ ደምሴ ብቻ ናቸው። ስንሸነፍ ጥፋቱ የዳኛው ነው። ስናሸንፍ ሥራው የሳቸው ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዳኛው ነበር።

የመጨረሻው ሳምንት ሲደርስ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የምንጫወተው በሜዳችን ነው። ተጋጣሚያችንም እንደኛ ላለመውረድ ነው የሚጫወተው። አቻ ከወጣን እኛ ተርፈን እነሱ ይወርዳሉ፤ ከተሸነፍን እኛ እንወርዳለን። ከወረድን ክለቡ እንደሚበተን ቦርዱ አስቀድሞ ነግሮናል። ከበረኛ እስከ ጥበቃ አርባ የምንሆን ሰዎች ነበርን።

የጨዋታው ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀምሬ አሰመርኩ። አራት ሰዓት ላይ የጨዋታው ኮሚሽነር መጣ፣ ሜዳውን ዞሮ አየ፣ "ጥሩ ነው" ብሎ ቅጹ ላይ ምልክት አደረገ። በሥራ ዘመኔ ከሰማሁት ምስጋና ረጅሙ ይህ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ አቶ ደምሴ መጡ። ከኋላቸው በረኛችን ናትናኤል ሁለት ቢጫ ጀሪካን የተጫነበት የእጅ ጋሪ ይገፋል። ናትናኤል ጴንጤ ነው፤ አካሄዱ ወዶ የመጣ ሰው አካሄድ አልነበረም።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኩ።

"ውሃ ነው" አሉ አቶ ደምሴ። "ከሶደሬ ወዲያ ያለ አንድ አዋቂ ነው የሰጠኝ። የግቡ መስመር ላይ ይፈሳል፤ ከዚያ በኋላ ኳስ አያልፈውም።"

"ጋሼ" አለ ናትናኤል፣ "እኔ በጌታ ስም ነው የምቆመው። ውሃ አልፈልግም።"

"በጌታ ስም ቆመህ ባለፈው ሳምንት ሦስት ገባብህ። ግፋ!"

አንዱን ጀሪካን እዚያው አፈሰሱት። ኖራዬ ከነቅርጹ ተነስቶ እንደ አሬራ ወደ ሣሩ ወረደ። ሁለተኛውን ይዘው ወደ ማዶው ግብ ጉዞ ጀመሩ።

"እዚያኛውም ላይ?" አልኩ። "እኛስ ታዲያ በየት በኩል እናገባለን?"

"ስናገባ አይተኸን ታውቃለህ? አቻ ይበቃናል።"

በዚያ ዓመት ከክለባችን አመራር የሰማሁት ጤነኛ የጨዋታ ዕቅድ ይህ ብቻ ነው።

የግብ አፍ ላይ ሣር የለም፤ አፈር ነው። አፈሩ ጭቃ ሆነ። ጭቃውን ጠርጌ፣ ደረቅ አሸዋ ደልድዬ፣ በላዩ ኖራ ለማስመር የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ጊዜ ነበረኝ። አሸዋውን በባልዲ ይዤ ስመለስ አቶ ደምሴ ግቡ መካከል እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

"እንዳትጠጋ! ውሃው ከፈሰሰ በኋላ መስመሩን የነካው ሰው ካለ ይፈርሳል ተብያለሁ።"

"መስመሩ እኮ የለም።"

"አለ። አንተ ነህ የማይታይህ።"

"ዳኛውስ ይታየዋል?"

"ለማ፣ ነገ ሥራ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?"

እፈልጋለሁ። ባልዲውን አስቀመጥኩ።

ዳኞቹ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ ረዳት ዳኛው ወደ ግቡ አይቶ "ምን አረጠበው?" አለ። አቶ ደምሴ "አቧራ እንዳይነሳ ብለን ነው" አሉት። አዳማ ላይ አቧራን ያነሳ ሰው ሌላ ምክንያት አይጠየቅም። ጨዋታው ሲጀመር ከመስመሩ የቀረው ነጭ ጥላ ነበር። ከእረፍት በኋላ ጥላውንም ታኬታ በላው።

ዘጠና ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ዜሮ ለዜሮ እንደሆንን፣ የተጋጣሚያችን አጥቂ ከሩቅ መታ። ኳሷ የግቡን አግዳሚ ገጭታ ወደ ታች ወደቀች። እኔ ከመረቡ ጀርባ ባልዲዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ያረፈችው ከቋሚው በስተኔ በኩል ነው። አንድ ስንዝር ገብታለች። ናትናኤል ከነጭቃው አፍሶ አወጣት።

ረዳት ዳኛው ባንዲራውን ሊያነሳ እጁን አንቀሳቀሰና ወደ መሬት አየ። መስመር የለም። ወደ ዋናው ዳኛ አየ። ዋናው ዳኛም ወደ መሬት አየ። እኔም አብሬ አየሁ። ይህን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ሥራዬን ሲፈልግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዳኛው "ቀጥል" አለ።

ተረፍን። አቶ ደምሴን በትከሻ ተሸከሟቸው። ናትናኤል ጓንቱን አውልቆ ወደኔ መጣ።

"ጋሽ ለማ፣ ገብታ ነበር አይደል?"

"በስንዝር።"

"ምን ላድርግ?"

"ምንም። አንተ በረኛ ነህ። የማስመሩ ሥራ የኔ ነበር።"

በሦስተኛው ቀን ተጋጣሚያችን ለሊጉ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ክስ ማስገባቱ ተሰማ። የግቡ መስመር ሆን ተብሎ ጠፍቷል ነው የሚሉት። ሆን ተብሎ ከሆነ ክለቡ ነጥብ ተቀንሶበት ይወርዳል። የሠራተኛ ቸልተኝነት ከሆነ ውጤቱ ይጸናል፣ ሠራተኛው ይቀጣል። አቶ ደምሴ ጠርተው ቢሯቸው አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀትና የጣት ቀለም አለ። እስኪብርቶ የለም።

"ይቺን አትምልኝ። ሥነ ሥርዓት ነው፤ ሜዳውን አዘጋጅተሃል የሚል ነው።"

ወረቀቱን አነሳሁና ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። "እኔ የሜዳ ኃላፊው ለማ፣ ኖራውን ከመጠን በላይ በማቅጠኔ..." ማዕረጌን ያገኘሁት እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

አቶ ደምሴ በሩን ዘጉ። "መቼ ነው የተማርከው?"

"እርስዎ ዳኛ ሲሰድቡ።"

"ስማኝ ለማ" አሉ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። "አርባ ቤተሰብ ነው። አንድ ሰው ቢጎዳ ይሻላል ወይስ አርባ ሰው?"

"አንድ ሰው ይሻላል። አንዱ ሰው እርስዎ ቢሆኑስ?"

አርባውን ሰው አላሰብኩም አልልም። ጥበቃውን፣ ወጥ ቤቷን፣ ናትናኤልን አስቤያለሁ። ኖራዬ ግን ቀጭን አልነበረም። በማያነበው ወረቀት ላይ አንዴ ያተመ ሰው፣ በሚያነበው ወረቀት ላይ ሁለተኛ አያትምም። እስኪብርቶ ከኪሴ አውጥቼ በጀርባው ጻፍኩ፦ "መስመሩን አሰመርኩ። አቶ ደምሴ ሁለት ጀሪካን ውሃ አፈሰሱበት። እንዳላድሰው ከለከሉኝ። ጊዜ ነበረኝ፤ ፈርቼ ተውኩት። የኔ ጥፋት ይህ ነው።" ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

"እሺ" አሉ። "እኔው ለኮሚቴው አስገባዋለሁ።"

እዚህም ተሳሳትኩ። ወረቀትን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ማድረስንም መማር እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም።

ውሳኔው ከሳምንት በኋላ ቢሮው በር ላይ ተለጠፈ። ቆሜ አነበብኩት። ውጤቱ ጸንቷል፤ "የሜዳው ሠራተኛ ኖራ ማቅጠኑን በጣት አሻራው አምኗል" ይላል። የማን አውራ ጣት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አቶ ደምሴ ግን በዚያ ሰሞን ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ነበር የሚያወሩት።

ውሳኔውን የሰጠው ኮሚቴ ዘንድ ሄድኩ። "እኔ በእጄ እፈርማለሁ፤ ይኸው" ብዬ ለጸሐፊው ፈርሜ አሳየሁት። ፊርማዬን ዘቅዝቆም አቅንቶም አየው።

"ጥሩ ፊርማ ነው" አለኝ። "ፋይሉ ግን ተዘግቷል።"

እኔ ተባረርኩ። ክለቡ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ቆየ። አቶ ደምሴ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክለቡ ወረደና ተበተነ፤ አርባውም ሰው ሄደ። በመጨረሻው ጨዋታ አምስት እንደገባበት ናትናኤል ደውሎ ነገረኝ። "መስመሩስ?" አልኩት። "ጥርት ብሎ ይታይ ነበር" አለኝ።

አሁን ኩየራ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ አሰምራለሁ። ቅጹን ራሴ እሞላለሁ፤ "የሜዳ ኃላፊ" ይላል። ከጨዋታ በፊት መስመሩን የሚረግጥ ዳይሬክተርም ቢሆን አስቆመዋለሁ።

ይህን ሥራ ለምትይዙ የምለው አንድ ነው። የጠፋ መስመር ካያችሁ፣ ማንም ቢከለክላችሁ፣ ባልዲውን አታስቀምጡ። ከጨዋታው በፊት በኖራ ያልተሰመረ፣ ከጨዋታው በኋላ በእስኪብርቶ አይሰመርም።