እንቁራሪቶቹ እግር እስኪያወጡ

ሰሞኑን ሰመራ ላይ ዝናብ ጣል አደረገና፣ ተማሪዬ ዘሃራ ከኩሬ የቀዳችውን ውሃ በጠርሙስ ይዛ ክፍል ገባች። ጭራቸውን የሚያወዛውዙ ጥቋቁር ነገሮች ይርመሰመሱበታል።

«ቲቸር፣ ዓሣ አገኘሁ!»

ዓሣ አለመሆኑን ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ሐሳቤ አዋሽ ዳር ወዳለችው መልካ ወረር ነጎደ።

ያደግኩት እዚያ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ የጥጥ እርሻው ላይ ውሃ አጠጪ ነበር። መምህራችን አልማዝ ደግሞ ከደጋ የመጣች ነበረች። አንቱ እንላታለን እንጂ፣ ዛሬ ሳስበው እሷም ገና ልጅ ነበረች! ሙቀቱ አልተስማማትም። ቤቷ ስንላክ ሻንጣዋን እንደታሰረ ከአልጋው ሥር እናየዋለን። ከእሷ በፊት የመጡት ሁሉ በጋውን ሳይጨርሱ ስለሄዱ፣ እሷም ትሄድብኛለች ብዬ እፈራ ነበር። በጣም እወዳት ነበራ!

አንድ ቀን ስለ አምፊቢያን፣ በውሃም በየብስም ስለሚኖሩ እንስሳት፣ ስታስተምረን ድንገት መጽሐፉን አጠፈችው። «ቦዩ እዚሁ አጠገባችን እያለ ምን በሥዕል ያደክመናል?» አለችና ይዛን ወጣች። ከመስኖው ቦይ የእንቁራሪት እንቁላል ቀድተን፣ በሳፋ አድርገን ከክፍላችን ጀርባ አስቀመጥነው። ብዙም ሳይቆይ ጭራ ያላቸው ትንንሽ የእንቁራሪት ልጆች ተፈለፈሉ።

«ቲቸር፣ እነዚህ እግር እስኪያወጡ ጥለውን አይሄዱም አይደል?» አልኳት።

ሳቀች። «እስከዚያማ የት እሄዳለሁ?»

አይ ልጅነት! ጓደኞቼ እግር የሚያወጡበትን ቀን ሲናፍቁ፣ እኔ እንዳያወጡ ዱዓ አደርግ ጀመር። እንዳይሞቱም ደግሞ እሰጋለሁ። የሳፋው ውሃ በቀትር እንደ ሻይ ሲፈላብኝ፣ ቤታችን የመጠጥ ውሃ ጄሪካን እንደምናቀዘቅዘው፣ ጆንያ አርጥቤ ሸፈንኩት። ጫፉ ውሃው ውስጥ ተነክሮ ቀረ።

የኋላ እግር አወጡ፤ ቀጥሎ የፊቱን። አንድ ጠዋት የጆንያውን ጠርዝ ገለጥ ሳደርግ ውሃው ባዶ ነው!

«ፍየል ጠጥታቸዋለች!» ብለው ልጆቹ ተንጫጩ። ቲቸር አልማዝ እየሮጠች መጣች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጆንያውን አንስታ ስትገለብጠው ግን ጮኸች።

«ኧረ ልጆች፣ ኑ እዩ!»

የጥፍር ያህል እንቁራሪቶች በእርጥቡ ጆንያ ላይ ተለጥፈው ተቀምጠዋል። «አሁን በሳንባቸው መተንፈስ ጀምረዋል» አለችን። «የሚወጡበት ባያገኙ ኖሮ ሰምጠው ይሞቱ ነበር። ጆንያው ደረቅ ቢሆን ደግሞ ቆዳቸው ይደርቅ ነበር።»

ሁሉም ሲጨፍር እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«እግር አወጡ እኮ። አሁን እርስዎ ሊሄዱ ነው።»

እንባዬን በእጇ ጠረገችልኝ። «አድገው እንቁላል ሲጥሉስ ማን ሊያያቸው ነው?» አለች።

እንቁራሪቶቹን ወደ ቦዩ ለቀቅናቸው። ከሰዓት በኋላ ቤቷ ጠራችኝና ሻንጣዋን ፈታን፤ እሷ ግድግዳው ላይ ምስማር ስትመታ እኔ ልብሶቿን አቀብላት ነበር። ስምንተኛ ክፍል እስክጨርስ ያስተማረችኝ እሷ ናት። መምህር የሆንኩትም በእሷ ነው።

ዛሬ የዘሃራ «ዓሣዎች» በሳፋ ሆነው በክፍላችን ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ እግር እንደሚያወጡ ነግሬያታለሁ፤ ጆንያውን ራሴ አረጠብኩት። ጡረታዬ ደርሷል፣ ልጆቼም አዲስ አበባ ነይ እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ወሬው ዘሃራም ጆሮ ደርሶ ኖሮ፣ ዓይኗን ከሳፋው ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ እነዚህ እግር ሲያወጡ እርስዎ ይኖራሉ?»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«እንቁላል ሲጥሉም አለሁ» አልኳት።