ብርቄና የዝናቡ ደብተር

ትናንት እዚሁ ዲላ፣ የልጅ ልጄ ስልኬን ይዛ መጣችና «ይዘንባል ብሎ ነበር፤ ዋሽቷል!» ብላ ከሰሰችው። መገመትና መዋሸት ለየቅል መሆናቸውን ላስረዳት ስል ብርቄ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ገና ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኮንጋ፣ ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ቡናው ቀልቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዝናቡም ሲያሻው ይመጣል። ትንበያ ምን እንደሆነ ለልጆቹ ላሳያቸው ብዬ አንድ ደብተር ከፈትኩ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» ብሎ ይጽፋል፤ ከሰዓት በኋላ ማን እንዳገኘ እናያለን።

ሌሎቹ አንዴ ሲያገኙ አንዴ ሲስቱ፣ ብርቄ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ስድስት ቀን ሙሉ አልሳተችም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኳት።

«መቼ ነው ደብቀሽ የምታርሚው?» አልኳት፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት።

አንገቷን ደፋች። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። በማግስቱም አልሳተችም። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር «ጠንቋይ ናት» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ፤ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋም ቦታ ቀየረች። ደነገጥኩ። ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ከትምህርት በኋላ ተከትያት ዳገቱን ወጣሁ። እናቷ የቡና ማድረቂያውን አልጋ በሸራ እየሸፈኑ ነበር። አስገቡኝና ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። ከደጃፋቸው ማዶ ያለው ተራራ ወለል ብሎ ይታያል።

«ጠዋት ደመናው እዚያ ጥግ ከተኛ፣ ከሰዓት እኛ ጋ ይደርሳል» አለች ብርቄ በጣቷ እያሳየች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ አረምሽው አሉኝ እንጂ እንዴት አወቅሽ አላሉኝም፣ ቲቸር።»

ሳህኑን አስቀምጬ ጣቷ ወዳመለከተው ጥግ ተመለከትኩ።

በማግስቱ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት፤ የደመናውንም ነገር አስረዳሁ። ልጆቹ ግን አላመኑኝም፤ በጎን በጎን ያዩዋታል። ብርቄ ተነሥታ «አይዘንብም» ብላ ጻፈች። ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮውን ጣሪያ የሚያናውጥ ዝናብ ወረደ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ «ብርቄም ትስታለች!» ጓደኛዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ የጥንቆላው ወሬም በዚያው ቀረ።

እኔ ግን ያን ዕለት ጠዋት፣ ነገሩን በዓይኔ ላረጋግጥ ብዬ፣ ዳገቱን ወጥቼ ነበር። ደመናው ብርቄ ባሳየችኝ ጥግ ተኝቶ ነበር።

አላየችው ይሆን? እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። ትንበያን ለልጅ ማስረዳት ብዙም አይከብድም። የሚከብደኝ፣ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከጓደኞቿ ላለመነጠል ስትል የምታውቀውን እንዳላወቀች እንድትሆን ማድረጌ ነው።