ያልነፋሁት ቱቦ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ የሰከርኩበትን፣ የተጣላሁበትን፣ ጾም የገደፍኩበትን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ደም አላፈሰስኩም፣ የሰው ንብረት አልሰረቅኩም፤ ታዲያ ምን ብዬ ልናዘዝ? ቱቦ ሳልነፋ ነፋሁ ብያለሁ ልበል? ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተ በእሳቸው ቦታ ሆነህ ስማኝ። ከፈለግህ ሳቅ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ዘመኑ ጣልያን አዲስ አበባን የያዘበት ነው። እኔ በየነ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ሰንጋ ተራ አጠገብ በአንድ የጣልያን ጋራዥ በመካኒክነት እሠራ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ እድሪስ ናቸው። ከወሎ የመጡ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ ሳያሰሙ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበሩ። እወዳቸው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድታዝንልኝ አይደለም፤ የምወደውን ሰው መበደሌን እንድታውቅ ነው።

መኪና ድንገት ቆማ አልነሳ ስትል ሌላው መካኒክ መፍቻውን ይዞ ይሮጣል። ጋሽ እድሪስ ግን መጀመሪያ ነጂውን፣ “ስትሞት ምን አለች?” ብለው ይጠይቁታል። መኪና የምትሞተው ወይ እሳት አጥታ ወይ ምግብ አጥታ ነው ይሉኝ ነበር። እሳት የሚሉት ከካንዴላው የሚወጣውን ብልጭታ ነው፤ ምግብ የሚሉት ደግሞ ቤንዚኑን። እሳት ያጣች ቃል ሳትተነፍስ ጭጭ ትላለች። ምግብ ያጣች ግን ትስላለች፣ ትንገታገታለች፣ እየተለማመጠች ትሞታለች። ይህን በጆሯቸው ይለዩታል። መኪናዋ ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለች በሽታዋን ይነግሩኝ ነበር፤ ሲሳሳቱም አላየሁም። እኔም እንደ ገዛ አባቴ ጀግንነት ለሰፈሩ ሁሉ አወራላቸው ነበር።

በመካከላችን “የአፍ ሥራ” የምንለው ነገር ነበር። ቤንዚኑ በበርሜል ነው የሚመጣው፤ በጨርቅ ብናጠልለውም ቆሻሻ አያጣውም። ቆሻሻው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ይደፍነዋል። መድኃኒቱ ቱቦውን ፈትቶ በአፍ መንፋት ነው፤ ሲነፉት ደግሞ ቤንዚን አፍ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። አንድ ሑዳዴ ላይ ልነፋ ስል ቱቦውን ከእጄ ነጥቀው፣ ጾምህን ጠብቅ አሉኝ። ረመዳን ሲገባ እኔም ከእጃቸው ነጠቅኩ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን ሳንነጋገርበት እንዲሁ ጸና፤ በእኛ ጾም የአፍ ሥራ የእሳቸው፣ በእሳቸው ጾም የእኔ።

ያን ዓመት ረመዳን በጥቅምት ገባ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን አንዲት የሰንጋ ተራ የበሬ ነጋዴ ልጅ ወድጄ እህል ውኃ አላሰኝ ብሎኝ ነበር። ከብዙ ልመና በኋላ፣ ከቂርቆስ ስትመለስ መንገድ ላይ ቆማ ልታነጋግረኝ እሺ አለች። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ጥርሴን በመፋቂያ ፍቄ፣ አፌን ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጬ ጋራዥ ገባሁ። ጋሽ እድሪስ ትንሿን የጭነት መኪና እያሳዩኝ፣ ከትናንት ጀምሮ ትንፋሽ አጥሯታል፣ ሳትወጣ ቱቦዋን ንፋልኝ አሉ። መፍቻ ይዤ ከሥሯ ገባሁ። ጀርባዬ ላይ ተንጋልዬ ስለ ቤንዚን ሽታ አሰብኩ፤ ስለ ልጅቷ አፍንጫ አሰብኩ። ከዚያ ምን አደረግኩ? ቱቦውን በመፍቻ ሁለት ሦስቴ ቀጭ ቀጭ አደረግኩት፤ የሚፈታ እንዲመስላቸው። ለመንፋት የሚበቃ ጊዜ ተኝቼ ቆየሁና ወጣሁ። ነፋኸው ወይ ቢሉኝ፣ ነፋሁት አልኩ።

ነፋሁት አልኩ። ሳልነፋው።

ቀጠሮዬም አልሆነልኝም። ዛሬ ካዛንችስ በምንለው ሰፈር ለጣልያን ሹማምንት ቤቶች ይሠሩ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ሹም ሊጎበኛቸው ይመጣል ተባለ። ካፖ የምንለው የሥራው አለቃ የመስኮት መስተዋት በትንሿ መኪና አስጭኖ፣ መኪናዋ እንዳታስቸግረው ሁለታችንም ኑ አለን። እሱ መሪውን ያዘ፤ እኛ ከኋላ ቆመን መስተዋቱን ደገፍን። ቂርቆስን አልፈን ዳገቱን እንደ ጀመርን መኪናዋ ሳለች። ደግማ ሳለች፣ ተንገታገተች፣ ቆመች።

ጋሽ እድሪስ ሳይወርዱ፣ ምግብ ነው አሉ። ወዲያው ግን ዞር ብለው አዩኝ።

“ነፍተኸዋል አይደል?”

“አዎ፣ ጋሽ እድሪስ። ንጹሕ ነው።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “እንግዲያው የተሳሳተው ጆሮዬ ነው” አሉና ወደ እሳቱ ሄዱ።

አንባቢዬ፣ ልብ በልልኝ። ሰውዬው ከእኔ ቃልና ከገዛ ጆሯቸው አንዱን መጠርጠር ነበረባቸው፤ የጠረጠሩት ጆሯቸውን ነው። በፀሐይ ብልጭታው አልታይ ቢላቸው ኮታቸውን አውልቀው ሞተሩ ላይ ጋረዱ። እሳቱ ደህና ነበር። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ጠረጉ፤ ሽቦውን ሁሉ ፈትሸው መለሱ። እስከዚያ ቤንዚኑ ጠብ ጠብ እያለ ተጠራቅሞ ኖሮ መኪናዋ ተነሣች፤ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዳ እንደገና ሞተች። ከዚያ ወዲያ ጨርሶ እንቢ አለች። ጋሽ እድሪስ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ እንደ ገና ከካንዴላው ጀመሩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ መፍቻ አቀብላለሁ። “ለማንኛውም ደግሜ ልንፋው” ማለት አልችልም ነበር? ይህች ቀላል ቃል ለምን ከአፌ አልወጣችም? ከወጣች ቆሻሻው ይታያል፤ ቆሻሻው ከታየ የጠዋቱ ውሸቴ ይታያል። እኔ በእሳቸው ዓይን ማነስን ፈራሁ።

ካፖው ሰዓቱን እያየ ሲንቆራጠጥ ቆየና በመጨረሻ “ሳቦታጅዮ” አለ። ሆን ብላችሁ አበላሻችኋት ማለቱ ነው። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የወጣበት ሰው ወደ ቤቱ ለመመለሱ ዋስትና አልነበረውም። ጋሽ እድሪስን በጥፊ መታቸው፤ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ታች፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ይነዳቸው ጀመር። እኔን መኪናዋን ጠብቅ አለኝ። ጋሽ እድሪስ ሲሄዱ ዘወር ብለው፣ “አብሽር” አሉኝ። አይዞህ ማለታቸው ነው። ወደ እስር ቤት የሚነዱት እሳቸው፣ የሚያጽናኑት እኔን።

ዞር እንዳሉ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ቱቦውን ፈትቼ በሙሉ ሳንባዬ ነፋሁት። የማጠለያው ጨርቅ ብጥስጣሽ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ቤንዚኑንም ጠጣሁት። መልሼ አሠርኩና ማኖቬላውን፣ ሞተሩን ከፊት በእጅ የምናዞርበትን ብረት፣ አዞርኩት። በሁለተኛው ተነሣች። ቁልቁል ነድቼ ጣቢያው በር ሳይደርሱ ደረስኩባቸው። ካፖው የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ክንዳቸውን ለቀቀ፤ የቸኮለው ለመስተዋቱ ነበርና ሌላ ነገር ሳይጠይቅ መሪውን ተረከበኝ።

ከኋላ እንደ ቆምን ጋሽ እድሪስ ቀስ ብለው፣ ምን ሆና ነው አሉኝ። ጉንጫቸው ላይ የጣቶቹ ምልክት አለ። አሁን ልንገራቸው አልኩ በልቤ። አፌን ስከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣ፤ የእሳቱ ሽቦ ከውስጥ ላልቶ ነበር አልኳቸው።

ጉንጫቸውን ዳሰስ አደረጉና፣ “እኔ ግን ስትስል የሰማሁ መስሎኝ ነበር” አሉ።

“ጆሮም አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ጋሽ እድሪስ።”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ አደጋውም አልፎ ነበር። እሳቸው ግን ግንባሬን ሳሙኝና፣ “ዛሬ አንተ ባትኖር ልጆቼ አባት አልነበራቸውም” አሉኝ። አፌ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። ልብ አላሉትም፣ ወይም ልብ ብለው ዘወትር የሚሸተኝ ነው ብለው አለፉት።

በማግስቱ አንዲት መኪና እየሳለች ገባች። ጋሽ እድሪስ ቀና አሉ፣ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ተዉት። “በየነ፣ እስቲ አንተ ስማት” አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጆሯቸው ፈርደው አያውቁም። ጣልያን ሲወጣ ካዛንችስ ውስጥ አብረን ጋራዥ ከፈትን፤ ደንበኛ ሲመጣ፣ ጆሮ ያለው እሱ ነው እያሉ ወደ እኔ ይመሩታል። እኔም የተማርኩትን የእሳቸውን ትምህርት መልሼ ስነግራቸው በአድናቆት ያዳምጡኛል። ያቺን የሰንጋ ተራ ልጅ ሊያጋቡኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደው ለአባቷ፣ ይህ ልጅ ሕይወቴን ያተረፈ ነው አሉ። አባቷም ልጁን ሰጠኝ። አርባ ዓመት የኖርኩበት ትዳር በዚያ ምስክርነት የቆመ ነው።

ወሎ ሰፈር ቤታቸው ታመው በተኙ ጊዜ በየቀኑ እሄድ ነበር። አንድ ቀን በመስኮቱ በኩል መኪና እየተንገታገተች አለፈች። በዓይናቸው ጠየቁኝ። ምግብ ነው አልኳቸው። ፈገግ አሉና፣ “አየህ፣ እኔ እሳት ነው ልል ነበር” አሉኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እጃቸውን ይዤ ነበር፤ ሌላ ሰው በቤቱ አልነበረም። አልተናገርኩም። ፍቅራቸውን ይዤ ልሸኛቸው ፈለግሁ።

ባለፈው ሰሞን ልጃቸው ዘይነብ ምሳ ጠራችኝ። ለልጆቿ ስለ አያታቸው ስታወራ፣ ጎበዝ መካኒክ ነበሩ፣ ምን ያደርጋል ጆሯቸው ቶሎ ደከመ አለቻቸው። እኔን እያየች ነው ያለችው፤ እንድመሰክርላት። ጉርሻዬን ዋጥኩ። ቤቴ ስገባ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ዘይነብ፣ ልጅ ነበርኩ አልልሽም። ጣልያኑን ፈርቼ ነው አልልሽም፤ ጣልያኑ ከሄደ በኋላ ከአባትሽ ጋር ስንት ዓመት አብረን ኖረናል። ይቅር ብትዪኝ ደስ ይለኛል፤ ባትዪኝ አልከራከርም። ልጆችሽን ግን ሰብስቢያቸውና ይህን አንብቢላቸው። አያታቸው ያን ቀን ምግብ ነው ብለው ነበር። ምግብ ነበር።