ገዳሪፍ ድረስ የተላከ ሽምግልና

ሽማግሌ መላክ የሚባለውን ነገር አልወድም። ሁለት ሰዎች ተስማምተው ከጨረሱ በኋላ ያለቀውን ጉዳይ እንዳልተጀመረ አድርጎ መለመን ለኔ ሁልጊዜ ቲያትር ነው፤ ያውም ተዋናዩም ተመልካቹም መጨረሻውን የሚያውቁት ቲያትር። ይህን በየድግሱ ስለምናገር በከተማችን በገንዳ ውሃ ለሽምግልና የሚጠራኝ የለም። በዚህ ክረምት መግቢያ ግን ሽምግልናው ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ።

ያመጣብኝ ጎረቤቴ ነው። ከኔ ጋር አንድ ግቢ የተከራየ የትራክተር ሾፌር ነው። የሚወዳት ልጅ ከእናቷ ጋር እዚሁ ከተማ ትኖራለች፤ አባቷ ግን ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገዳሪፍ፣ የእርሻ መኪና ይጠግናሉ። በዚያ ሰሞን መንገዱ አላስተማምን ስላለ መምጣት አልቻሉም። እናትየው ደግሞ "የአባቷን ቃል በጆሯችሁ ሳትሰሙ እኔ ደጅ እንዳትደርሱ" ብለዋል።

"ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ለሰሊጥ እርሻ ወደ አብደራፊ እወጣለሁ" አለኝ ጎረቤቴ። "ከወጣሁ ዘር እስኪያልቅ አልመለስም። እዚህ ደግሞ አንድ ባለ ሱቅ እያንዣበበባት ነው። ያ ሰውዬ እንደኔ የትም አይሄድ፣ ሱቁ ላይ ተጎልቶ ነው የሚውለው!"

የሞባይል ዳታ ከተማችን ውስጥ ከጠፋ ሰንብቷል። ኢንተርኔት የሚገኘው አከራያችን ከፊት ለፊት ሱቃቸው ባስገቡት መስመር ነው። እኔም ከዚያ ኬብል ስቤ፣ ግቢውን በአየር ላይ አሻግሬ፣ ከአሮጌው ኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቻለሁ። ስለዚህ ሽምግልናው በቪዲዮ፣ እኔው ጠረጴዛ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ስለ ሽምግልና ያለኝን አስተያየት ማንም አልጠየቀኝም።

በቀጠሮው ሰዓት ለአባትየው ደወልኩላቸው። ነጭ ጀላቢያ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ብቅ አሉ፤ ከጀርባቸው ማራገቢያ ይሽከረከራል። ድምፃቸው አጠገቤ ያሉ ያህል ይሰማል። ጎረቤቴ የለመናቸውን ሦስት ሽማግሌዎች ግን መንገድ ላይ የቆላ ዝናብ አግኝቷቸው ነበር። ዝናቡ እንዳመሉ እነሱን አበስብሶ ሲጨርስ አባርቷል፤ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ወጥቷል። ውጭ ትንሽ ሲንሾካሾኩ ቆይተው ያለ ጋቢ ገቡ። ያለ ጋቢ ሽማግሌ አይሆንምና መሪያቸው የአልጋዬን አንሶላ ተከናነቡ።

ወጉ የታወቀ ነው። ጠያቂ ቆሞ ይለምናል፤ የልጅቷ አባት "ተቀመጡ" ሳይሉ ወንበር አይነካም። ሦስቱም ኮምፒውተሩ ፊት ተሰለፉ። መሪው "እንደምን ዋሉ?" ብለው ጀመሩ። አባትየው ወደ ፊት ጠጋ አሉ፣ አፋቸውን ትንሽ ከፈቱ፤ በዚያው ቀሩ።

መሪው የወሎ ሰው ናቸው፣ ንግግር ይችላሉ። የልጁ አያት ከደጋ ወርደው ጫካ ከመነጠሩበት ተነሡ፤ በአባቱ ዘመን አለፉ፤ ወደ ልጁ ሲደርሱ ትራክተሩን እንኳ አመሰገኑት። ከገዳሪፍ ምንም መልስ የለም።

"ጨዋ ናቸው" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ በሹክሹክታ። "ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር አትነበብም።"

"ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም" አሉ ሦስተኛው። "የዛሬ አባት ቢሆን ገና በር ላይ እሺ ብሎ ይቀል ነበር።"

ጎረቤቴ ግድግዳ ተደግፎ ላብ ያጠምቀዋል። ዝምታውን እምቢታ አድርጎታል። እኔም ሰውየውን ማድነቅ ጀምሬ ነበር፤ ኋላ ግን ማራገቢያቸውን አየሁት። እሱም ቆሟል። ማራገቢያ ደግሞ ለወግ ብሎ አይቆምም።

"አልሰሟችሁም" አልኩ። "ወይም እኛ አልሰማናቸውም።"

"ኔትወርክ ሄዶ ነው" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ሁሉም የተስማማበት ነገር እኔን ያሳክከኛል። የኮምፒውተሩን የመስመር ሁኔታ ከፍቼ አየሁ። የተላከው ቁጥር ይሮጣል፤ የተቀበለው ቁጥር ቆሟል። የሚልክ እንጂ የማይቀበል የኔትወርክ ካርድ! በየስብሰባው እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለማውቅ አልደነቀኝም፤ እነሱን ግን ፈትቶ ማየት አይቻልም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው። ክዳኑን ፈትቼ ካርዱን ነቀልኩና ከመሳቢያዬ ሌላ አሮጌ ካርድ ተካሁ።

"እስከዚያ ቁጭ በሉ እንጂ፣ አባቶቼ" አልኩ ከጠረጴዛው ሥር።

"አንተ የልጅቷ አባት ነህ?" አሉ መሪው። ጉልበታቸው ግን ሲንቀጠቀጥ ከተኛሁበት ይታየኛል።

አዲሱም ካርድ እንደ ፊተኛው ይልካል፣ አይቀበልም። ሁለት ካርድ በአንድ ቀን በአንድ በሽታ አይሞትም። ስለዚህ ካርዱ ንጹሕ ነው፤ የቀረው ኬብሉ ነው። ኬብሉን በዓይኔ እየተከተልኩ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ሦስት ጋቢ፣ ውሃ እንደጠጡ፣ ሊደርቁ በኢንተርኔቴ ላይ ተሰጥተዋል። ኬብሉ መሬት ሊነካ ደርሷል። ጋቢዎቹን አንድ በአንድ ማውረድ ስጀምር ከውስጥ ጩኸት ተነሣ።

"ኧረ ጋቢዬን! ጭቃ ላይ እንዳትጥለው!"

"አባቴ፣ ይህ ገመድ አይደለም!"

"ታዲያ ለምን እንደ ገመድ ወጠርከው?"

ኬብሉን ዳሰስኩት። መሐሉ ላይ ተስቦ ቀጥኗል። ውስጡ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች የሚልኩት ተርፈው የሚቀበሉት ሳይጎዱ አልቀሩም። ወንበር አውጥቼ ቆምኩበትና የቀጠነውን ቦታ በሁለት እጄ ወደ ላይ አነሣሁት። ወዲያው ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሩ የጥሪ ድምፅ አሰማ። ጎረቤቴ ዘሎ ከፈተው።

"ምነው፣ የት ጠፋችሁ?" አሉ አባትየው፤ በመስኮቱ በኩል እኔም እሰማለሁ። "ገና እንደምን ዋሉ ስትሉኝ ተቀመጡ ብያለሁኮ! ልጁን ሥራውን አይቼዋለሁ፣ እሺ ብያለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ግን አልተቀመጡም።

"አልሰማንም" አሉ መሪው ቆፍጠን ብለው።

"ይኸው አሁን ሰማችሁ።"

"አልሰማንም! ሳይለመኑ እሺ ማለት ለልጅዎም ክብር አይሆን።" ከዚያ አንሶላዬን አስተካክለው እንደገና ከአያቱ ጀመሩ።

ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ አለ። "ጋሼ፣ ክንድዎ ይችላል?"

"አያቱ ጫካውን እስኪመነጥሩ ይችላል። ከዚያ ወዲያ እንጃ።"

"አብሽር፣ እደርሳለሁ" አሉ መሪው ከውስጥ፤ ግን አልቸኮሉም። በዚያ ፀሐይ ሥር ትራክተሩ ጋ ሲደርሱ ክንዴ መንዘር ጀምሯል። አባትየውም ተራቸው ሲደርስ ወጉ ትዝ አላቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ መልካም። ከዘመድ ልምከርበትና በሌላ ቀን..."

ጎረቤቴ ሲያቃስት ሰማሁ። የወግ ጠላት መሆኔ ያን ጊዜ ጠቀመ።

"አባቴ!" ብዬ በመስኮቱ ጮህኩ። "መስመሩን በእጄ ይዤው ነው! ክንዴ ለሌላ ቀን አይደርስም፤ ልጁም ነገ አብደራፊ ነው!"

ገዳሪፍ ዝም አለ። እውነት ዝም ብለው ይሁን ወይም እኔ ኬብሉን አዛብቼ ይሁን አላወቅሁም።

"መከርኩ" አሉ አባትየው። "ሰጥቻለሁ። አሁን ተቀመጡ!"

ሦስት ወንበር ባንድ ጊዜ ሲያቃስት ተሰማኝ። ወዲያው ምርቃቱ ተጀመረ። እኔ ሽምግልናን የምንቅ ሰውዬ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ አሜን፣ አሜን እላለሁ፤ የአከራያችን ፍየል ቀና ብላ ታየኛለች።

"ደጅ የቆመውንም ሰው ተቀመጥ በሉልኝ" አሉ አባትየው በመጨረሻ፣ እየሳቁ።

ኬብሉን ለቅቄ ገባሁ። አባትየው በሳቁበት ቀርተዋል፤ ጥርሳቸው ሁሉ እንደታየ፣ ማራገቢያቸውም እንደቆመ። ጎረቤቴ ኮምፒውተሩን እንዳጠፋው አልፈቀደልኝም።