ሦስት ማንኪያ ቅቤ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እዚህ ጋ ስደርስ እዘለዋለሁ። መዝለል ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ለእናንተ፣ ይህን ለምታነቡት፣ ልናገር ነው። አስቀድሜ የምለምናችሁ እየሳቃችሁ እንዳታነቡት ብቻ ነው። "ይሄ ሁሉ ለቅቤ ነው?" የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ ለቅቤ ነው።

የሺ እባላለሁ። በሰው አገር፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ባለችው ሮቢንስዴል፣ ሰባት ጠረጴዛ ያላት ቁርስ ቤት አለችኝ። በሚኒያፖሊስም ሆነ በሴንት ፖል እንደ እኔ ፍርፍር የሚሠራ ሰው የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ። እሺ፣ ጉራ ነው፤ ግን እውነትም ነው። ሰው ሲናዘዝ አንገቱን ይደፋል፤ እኔ በእጄ ሙያ አንገቴን ደፍቼ አላውቅም፣ አሁንም አልደፋም። ጥፋቴ የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ግን ከዚሁ ልጀምር።

ያደግኩት ናዝሬት ነው። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ቁርስ ቤት ነበረች። ስም አልወጣላትም፤ ሰው "ሰማያዊ በር" ነበር የሚላት። በአሥራ ስምንት ዓመቴ እዚያ ተቀጠርኩና ባለቤቷ እትዬ አስካለ የጾም ዘይት ማንጠር አስተማሩኝ። ዘይቱን ልክ እንደ ቅቤ፣ ከኮረሪማ፣ ከኮሰረት፣ ከበሶብላ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ለዘብ ባለ እሳት ያነጥሩታል። በሁዳዴ ጠዋት ፍርፍሩ ሲቀርብ መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ "ይሄ ነገር ቅቤ አይደለም?" ይላል። እትዬ አስካለ ከጓዳ ብቅ ብለው "ዘይት ነው። ብላ" ይሉና ይመለሳሉ። ያቺን "ዘይት ነው" እንዴት አድርገው እንደሚሏት ብታዩ! እኔ ከእሳቸው ከዘይቱ በፊት ያንን ኩራት ሳልወርስ አልቀርም።

እዚህ መጥቼ የራሴን ቤት ስከፍት በሁዳዴ የማቀርበው ያንኑ ፍርፍር ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ይሞላል። የናዝሬት ልጆች ስለ ሰማያዊ በር ያወራሉ፤ የሌላ አገር ልጅ ደግሞ በአንድ ጉርሻ የራሱን ሰፈር ቁርስ ቤት ያነሳል፣ አንዱ የሐዋሳውን፣ አንዱ የደብረ ብርሃኑን። ከእነዚያ ቤቶች ስንቱ ዛሬ ፈርሶ ፎቅ እንደተሠራበት እናውቃለን። ቢሆንም እሑድ ጠዋት እኔ ጋ ሁሉም ክፍት ናቸው። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ጎርሶ ዓይኑን ሲያብስ አይቼ፣ "በርበሬው ነው" ቢለኝም፣ ሳምንቱን ሙሉ ልቤ አብጦ ከርሟል።

ከሁሉ የምኮራባቸው ደንበኛዬ ግን እማማ ዘነበች ነበሩ። የናዝሬት ሰው ናቸው፤ ዉድበሪ ከተማ፣ ልጃቸው ሰናይት ቤት ይኖሩ ነበር። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አንዲት ቀን ጾም ገድፈው አያውቁም። በሰው አገር፣ በሆቴል ጽዳት ሥራ፣ በዚያ ሁሉ በረዶ አልገደፉም። ዳቦ ሲገዛ የልጅ ልጃቸው ላስቲኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ታነብላቸዋለች። "ግራንድማ፣ ሚልክ አለው" ካለች ዳቦው ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ሰው ቤት ሲጋበዙም ሳያፍሩ "ምን ገብቶበታል?" ብለው ይጠይቃሉ።

እኔ ቤት ጠይቀው አያውቁም። አንድ እሑድ ሰናይት "እማዬ፣ እዚህስ ለምን አትጠይቂም?" ብትላቸው፣ "የሺ ቤት አልጠይቅም" አሉ። በቃ፣ ይህን ብቻ። እኔ ሳህን ይዤ ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ። በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ሹመት እሱ ነው።

ጥፋቴን በጀመርኩበት ዓመት እማማ ታመው ነበር። ሰናይት ሰው በተሰበሰበበት "የሺዬ፣ ዶክተሩ ፋስቲንግ ስቶፕ ታድርግ ብሏል። ቄሱም ፈቅደዋል። አንቺን ትሰማለች፣ እስቲ ንገሪያት" አለችኝ። እማማ እኔ እስክናገር እንኳ አልጠበቁም።

"ሰናይት፣ ዶክተሩ ደሜን ይለካ። ጾሜን የሚለካው ሌላ ነው።"

ታዲያ የእኝህን ሴት ጾም ነው እኔ ያበላሸሁት።

የሁዳዴ ሁለተኛው እሑድ ነበር። ዘይቱን እንደጣድኩ ስልክ ተደወለልኝ። ከሴንት ሉዊስ ፓርክ አንዲት ሴትዮ ለማኅበራቸው ምግብ ልታዝዝ ኖሯል፤ ከዚያ ስለ ዘይቱ ጠየቀችኝ። ምን ልበላችሁ፣ ጠያቂ አገኘሁ። ስለ እሳቱ ልክ፣ ስለ ኮሰረቱ፣ "ይሄ እንዲሁ በመስማት የሚለመድ አይደለም" እያልኩ ስኮፈስ፣ ከኋላዬ ዘይቱ አረረ። ስለ ዘይት ሳወራ ዘይቴን አቃጠልኩ። ያረረው ኮሰረት ደግሞ የመጨረሻዬ ነበር። በር ላይ መኪና መቆም ጀምሯል።

በተራ ዘይት ሠርቼ "ዛሬ አርሮብኝ ነው" ብላቸው ምን ነበረበት? ማን ይሞት ነበር? ሦስት ቃል ናት። እኔ ግን ያንን ሁሉ መንገድ ነድቶ የመጣ ሰው አንዴ ጎርሶ "ዛሬስ እንዲያው ነው" ሲል ታየኝና አቃተኝ። ፍሪዘሩን ከፈትኩ። እህቴ ለፋሲካ ብላ በሰው የላከችልኝ፣ በዚያው ቅመም የተነጠረ የአገር ቤት ቅቤ አለ። ሦስት ማንኪያ ጨመርኩ። እኔ፣ በእጄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ጾም መሆኑን እያወቅኩ፣ እማማ ዘነበች እንደሚመጡ እያወቅኩ ሦስት ማንኪያ ቅቤ ጨመርኩ።

አብራኝ የምትሠራው ዘሃራ አየችኝ። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ስለነበር እሷም ጾመኛ ናት፤ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ነው ሽንኩርት የምትከትፍልኝ።

"የሺ፣ ጾም አይደለም እንዴ?"

"ዛሬ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ይነገራቸው።"

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "እኔን ሰው ሐራም አብልቶ ዝም ቢለኝ ምን ትይው ነበር?" አለችኝ። "እኔ ይሄን ሳህን አላወጣም" ብላ እጇን ታጥባ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች። ሳህኖቹን አንድ በአንድ ራሴ አወጣሁ።

እማማ ጎረሱ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ቀና ብለው "የሺ፣ ዛሬስ ወስደሽ ሰማያዊ በር አስቀመጥሽኝ" አሉ። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። "ይሄ ነገር ቅቤ አይደለም?" አለ አንዱ እየሳቀ፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ልክ እንደ እትዬ አስካለ፣ "ዘይት ነው። ብላ" አልኩ። እማማ በደንብ ጠቅልለው ጉርሻ አዘጋጁና "ነይ፣ እጅሽ ይባረክ" ብለው ወደ አፌ አስጠጉ። እኔም ጾመኛ ነኝ። ጎረስኩ። ከበላነው ሁሉ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እያወቅኩ ዋጥኩት።

"ዛሬ ብቻ" ብዬ ነበር አይደል? በሚቀጥለው እሑድ ኮሰረት አግኝቼ፣ ዘይቴን በሥርዓቱ አንጥሬ፣ ፍርፍሩን ሠርቼ ቀመስኩት። ጥሩ ነበር። የባለፈውን ግን አያክልም። ሰው ደግሞ የመጣው የባለፈውን እያወራ ነው። ያኔ በራሴ እጅ ቀናሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ፍሪዘሩን ከፈትኩ። በዚያ ሁዳዴ በየእሑዱ ከፈትኩት። በሚቀጥለውም ዓመት ሁዳዴ ከፈትኩት። በሁለት ሁዳዴ ስንት ሰው ጾሙን እንዳስገደፍኩ ልቆጥረው አልፈልግም።

ዘሃራ ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ የዒድ ዕለት ተሰናበተችኝ። አልተጣላንም፣ ምክንያትም አልሰጠችኝም። ዛሬ ሴንት ፖል ውስጥ የራሷን ሳምቡሳ ትሠራለች፤ ስንገናኝ ስማኝ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች። ለአንድም ሰው አልተናገረችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሁዳዴ እማማ መውጣት አቃታቸው። ሰናይት ደወለችልኝ። "የሺዬ፣ ምንም አልበላ ብላለች፤ ያንቺን ፍርፍር ብቻ ነው የምትለው። ድራይቭ አድርጌ ልምጣና ልውሰድ?" እኔ ራሴ አመጣለሁ አልኳት። እማማ ስልኩን ተቀብለው በደከመ ድምፅ "ልጄ፣ ይሄ ጾም የመጨረሻዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ንጹሕ አድርጌ ልጨርሰው" አሉኝ።

ፍሪዘሩን ከፍቼ ቆምኩ። ቅዝቃዜው ፊቴን እየመታኝ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ዘጋሁትና ዘይት ጣድኩ። ስልኬን መኪናው ውስጥ ትቼ፣ ከምድጃው ሳልርቅ፣ እትዬ አስካለ እንዳስተማሩኝ አነጠርኩት። ከዚያ የተሻለ ዘይት አንጥሬ አላውቅም።

ዉድበሪ ደርሼ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አጎረስኳቸው። አላምጠው ዋጡና አዩኝ።

"የሺ፣ እጅሽን ምን ነካው?"

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። 'እማማ፣ ዛሬ ነው ንጹሑ፤ የበፊቱ ነው ቅቤ።' ሰናይት በር ላይ ቆማለች። "እርጅና ነው መሰለኝ እማማ" አልኩ። ሳቁ። "ግዴለም፤ ጾም ነው። ለምላስ ብለን አይደለም" አሉና ሳህኑን እስኪጨርሱ ጎረሱልኝ። በእጄ ሙያ መዋረድን ያን ቀን ቀመስኩት፤ እንደ ቅጣት ቆጥሬውም ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። ውሸቴን ነው። ሙያ የከዳት ሴት መባሉን የመረጥኩት አጥፊ ከመባል ስለሚሻለኝ ነው። እዚያም ቁጭ ብዬ ከሁለቱ የሚሻለኝን ስመርጥ ነበር።

እማማ ፋሲካን ውለው በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። ሰናይት የሕይወት ታሪካቸውን ስታነብ "ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው አንዲት ቀን ጾም ሳይገድፉ" ስትል ሕዝቡ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ቀጥላ ወረቀቱን ገለበጠችና "በሕመማቸው ዘመን ጾማቸውን እንዲፈጽሙ እጇን ላልነፈገቻቸው ለእህታችን ለየሺ" ብላ አመሰገነችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያልኩት ያኔ ነው።

ለምን ዛሬ ተናገርሽ፣ የሞቱትን ሴት ስም ለማጉደፍ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ራሴን ስጠይቅ የከረምኩትም እሱን ነው። ዝም ያልኩት ስለ እሳቸው ክብር ይመስለኝ ነበር፤ ስመረምረው ስለ ራሴ ክብር ነው። "አርሮብኝ ነው" ከማለት ይልቅ ቅቤ መጨመሬን የሚያቀልልኝ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ናፍቆት ነው ልል ሞክሬ ነበር፤ ሰው አገሩን እንዲቀምስ ብዬ ነው ልል። አይደለም። እንዲያጨበጭቡልኝ ነው።

ዘንድሮ በሁዳዴ ፍሪዘሬ ውስጥ ቅቤ የለም። እንዳይኖር አድርጌያለሁ። የዱሮ ደንበኞቼ "የሺ፣ እንደ በፊቱ አይደለም" ይሉኛል። አዎ አይደለም፤ አሁን ምክንያቱን አወቃችሁ። የተቀየመ ይቀየም፣ የሚቀር ይቅር። ባለፈው እሑድ ግን አንድ የማላውቀው መንገደኛ ጎርሶ፣ ቀና ብሎ፣ "ይሄ ቅቤ አይደለም?" አለ። ከጓዳ ብቅ ብዬ "ዘይት ነው። ብላ" አልኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ ቃሉ አፌን አላቃጠለኝም።

ሰናይት፣ ይህ አንቺም ጋ እንደሚደርስ አውቃለሁ። እግርሽ ላይ ወድቄ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ድፍረት አጣሁ፤ እሱንም ከጥፋቴ ደምሪልኝ። ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ያነበብሽውን ወረቀት አትቅደጂው። የእኔን ስም ሰርዢና የቀረውን እንዳለ አስቀምጪው። የቀረው ሁሉ እውነት ነው። እናትሽ ያን ቀን አምነው በሉ፣ እኔ አውቄ ጎረስኩ። እማማ ዘነበች አንዲት ቀን ጾም አልገደፉም። የገደፍኩት እኔ ነኝ።